ከዳቦ ቤቱ እስከ ልብስ ሰፊዋ በር

መስከረም 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ቤትዎ ይግባ። እንደምን ከረሙ? እናቴስ እንዴት ናት? እኔ ደህና ነኝ፤ ባሕር ማዶ ብሆንም ሥራውንም ሰዉንም ለምጃለሁ።

ስልክ ብደውል እንደሚቆጡኝ ስለማውቅ ወረቀት አነሳሁ። «ዘመዱን በስልክ የሚጠይቅ ፖስተኛና ከጎረቤት ዳቦ የሚበደር ጋጋሪ አንድ ናቸው» ያሉኝ አልተረሳኝም።

በምሠራበት የሳንባ ክሊኒክ አዲስ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። የአስም ሕመምተኞች ሲመጡ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጬ አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት አሞላቸዋለሁ። ባለፉት አራት ሳምንታት አስም ሥራዎን አስተጓጉሎታል? ትንፋሽ ስንት ጊዜ አጠረዎ? ከእንቅልፍ ቀስቅሶዎታል? ትንፋሽ ሲያጥር የሚሳበውን ሰማያዊ ፓፍ ስንት ጊዜ ሳቡ? በራስዎ ግምት በሽታውን ተቆጣጥረውታል? እያንዳንዱ ጥያቄ ከአምስት ይታረማል፣ ድምሩ ሃያ አምስት ነው። ሃያና ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አስሙ በቁጥጥር ሥር ነው ይባላል። ቀጥሎ ሕመምተኛው ወደ ሐኪሙ ይገባል። ሐኪሙ ያንን ወረቀት ሳያይ፣ ደረት አዳምጦና የትንፋሽ ኃይል የሚለካ ቱቦ አስነፍቶ፣ የራሱን ፍርድ በሌላ ወረቀት ይጽፋል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ የማስተያየው እኔ ነኝ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ አንገቴ ላይ ነው የሚውለው፤ ዋና ሐኪሙ እንኳ ሳያስፈቅደኝ አይከፍተውም። ይህችን ለእናቴ ቀስ ብለው ያንብቡላት።

የሚገርመው፣ ሁለቱ ወረቀቶች ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ሕመምተኛው «ምን ጎድሎኝ» ይላል፣ ሐኪሙ ራሱን ይነቀንቃል። ተገላቢጦሹም አለ። በግንቦት ውጤቱን ሐኪሞች ፊት ቆሜ አቀርባለሁ።

ሁለት ሁለት ቅጂ አብሬ ልኬያለሁ። አንዱን እርስዎ፣ ሌላውን በየዓመቱ የሚያይዎ ሐኪም ይሙላው፤ የቀረው ለሌላ ጊዜ ይሁን። ለጥናቱ ሳይሆን ለእኔ ነው። አስሙ ከያዘዎ ስምንት ዓመት ሆነው፣ እኔ ባለሙያዋ ደግሞ ስለ ደረትዎ የማውቀው ከጎረቤት አይበልጥም።

ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።
ጭራዎ

---

ጥቅምት 6

ለልጄ፣ ለጭራዬ፣

ደብዳቤሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰኝ። የእናንተ ፖስታ ቤት ሁለት ቀን አባክኗል፣ የእኛ አንድም አላባከነም። እናትሽ ደህና ናት። የቁልፉን ነገር ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። አሁን ለሰፈሩ ሁሉ «ያ ሐኪም ቤት በልጄ ቁልፍ ነው የሚከፈተው» እያለች ነው፤ አላረምኳትም።

እኔስ ብሆን? ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የቦርሳዬን ማንገቻ ይዘሽ ዳገቱን አብረሽኝ ስትወጪ፣ ሰው ሁሉ «ጭራህን ጠብቅ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ያቺ ጭራ ዛሬ ሐኪምና ሕመምተኛ ታስታርቃለች። ይኸው ስጽፍልሽ ደረቴ ተነፍቷል፣ በኩራት ነው፣ ሌላ እንዳይመስልሽ።

ወረቀቱን ሞላሁ። ሃያ አራት! ሃያ አምስት ማድረግ አቅቶኝ አይደለም፤ ለራሱ ሙሉ ነጥብ የሚሰጥ ሰው አያስተማምንም ብዬ ከእንቅልፉ ላይ አንዷን ቀነስኳት። ሥራዬን አስተጓጉሎት እንደሆነ ለሚለው «በፍጹም» ብያለሁ። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ደብዳቤ አልጠፋብኝም፣ የሰው ደብዳቤ እጄ ላይ አላደረም። ሰፈሩ «ሰዓት» የሚለኝ በከንቱ አይደለም። ሰዓት ጠጋኙ ራሱ የግድግዳ ሰዓቱን የሚያስተካክለው እኔ ሳልፍ አይቶ ነው።

ሐኪሙ ግን ወረቀት የሚሞላበት ጊዜ የለውም። ቢኖረውስ? የሚተነፍሰው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

ትናንት ቦርሳዬ ሙሉ ነበር። ለልብስ ሰፊዋ የክር ጥቅል መጥቶላት ነበር፤ ለመፈረም መነጽሯን ስትፈልግ አቆመችኝ፣ ለካ ግንባሯ ላይ ነው። ከዚያ ባለ አራት ፎቁ፣ ከዚያ ሰዓት ጠጋኙ፣ መጨረሻ ላይ ዳቦ ቤቱ። ጋጋሪው ትኩስ ዳቦ ስላለቀበት አዘነ። አንቺን ሳይጠይቀኝ ውሎ አያውቅም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሶሉ ወፍራም የሆነ ጥቁር ጫማ ላኪልኝ። የፖስተኛ ጫማ በዓመት ሁለት ያልቃል።

በያዝሽው ቁልፍ የማይከፈት በር አይግጠምሽ።
አጎትሽ

---

ኅዳር 2

ለተከበሩ አጎቴ፣

እርስዎም እናቴም በደህና እንደምትውሉ ተስፋ በማድረግ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ።

ሃያ አራትዎን ይዤ ዋና ሐኪሙ ቢሮ ገባሁ። «ዕድሜው ሃምሳ ስድስት፣ ፖስተኛ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት የሚወጣ፣ ሃያ አራት!» አልኩ አፌን ሞልቼ። ወረቀቱን አየና «ጎበዝ። የሐኪሙስ ወረቀት?» አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጥናቱን የምሠራው እኔ፣ ግማሹን ብቻ ይዤ የገባሁትም እኔ። ስለዚህ እባክዎ፣ ያንን ሐኪም አንድ ደቂቃ ያስቁሙልኝ።

ጫማው ተገዝቶ መስኮቴ ሥር ተቀምጧል። ወፍራም ካልሲ ከሆነ የሚያደርጉበት በአንድ ቁጥር በሚበልጥ ላስቀይረው እንዴ? መልስዎ እንደደረሰኝ እልከዋለሁ። እርስዎ ደግሞ መልስ አያዘገዩም።

ጭራዎ

---

ጥር 11

ለጭራዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? መልሴ ዘገየ። ፖስታ ቤቱን እንዳታሚ፣ ጥፋቱ የጸሐፊው ነው።

ጫማውን ተይው፤ እግሬ ላይ ያለው ገና አዲስ ነው። ይልቅ ወፍራም የአንገት ልብስ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ቆሜ ስጠብቅ ብርዱ አንገቴን ይይዘኛል።

ዓመታዊው ምርመራ አለፈ። ያ ልጅ እግር ሐኪም ቱቦውን ሦስቴ አስነፋኝ። ሃያ አራቴን ብነግረው ፈገግ አለ። ያናደደኝ ፈገግታው ነው። ለመሥሪያ ቤቴም አንድ ወረቀት ጽፎልኛል፣ እሱም በቦታው አለ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም የሚለውን ተረት ደግሞ እንዳትጽፊልኝ፤ ሐኪሙ ቀድሞሻል።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች። ሥራ ይቅናሽ።
አጎትሽ

---

ጥር 29

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሰላምታዬ እንደ ወትሮው በአክብሮት ነው። ከዚህ በታች ብቆጣ ግን የራስዎ ጭራ ስለሆንኩ ይቅር ይበሉኝ።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱን ደብዳቤዎችዎን እንደ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። በጥቅምቱ ደብዳቤ ከልብስ ሰፊዋ ጀምረው ዳቦ ቤቱ ጋ ጨረሱ። አጎቴ፣ ያንን መንገድ እኮ በእግሬ ነው የተማርኩት! የምንጀምረው ከዳቦ ቤቱ ነበር፣ ዳቦው ገና ሲጨስ። ጋጋሪው ቁራሽ ይሰጠኛል፤ እየበላሁ ሰዓት ጠጋኙ ጋ እንደርሳለን። ባለ አራት ፎቁን እርስዎ ሲወጡ እኔ ከታች ሆኜ እርምጃዎን እቆጥራለሁ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ልብስ ሰፊዋ በር ስንደርስ ልክ ስድስት ሰዓት ይሆናል። አሁን ከላይ ጀምሮ ወደ ታች የሚያድል ፖስተኛ ላይ በምን ወጣ? መልሱን በጥር ራስዎ ጻፉልኝ፤ ጠዋት ጠዋት ቆመው የሚጠብቁት አውቶቡስ ነው። በዓመት ሁለት ጫማ የሚጨርስ ሰው ጫማው «ገና አዲስ» የሆነውም ለዚሁ ነው።

ዋሹ አልልም። ኮሪደሬ ላይ የሚቀመጡትም አይዋሹም። አንዲት አስተማሪ «ትንፋሽ አጥሮኝ አያውቅም» ብላ ሞላች። ደረጃ ስትወጪስ ብላት፣ ደረጃ ከወጣች ሁለት ዓመቷ ነው፤ የምታስተምርበትን ክፍል ወደ ምድር ቤት አስቀይራለች። ሰው ትንፋሹ ሲያጥረው ኑሮውን በትንፋሹ ልክ ይቆርጠዋል። ከዚያ ልክክ ሲልለት ምንም አልጎደለኝም ይላል። እርስዎም ሥራውን ከአስሙ መንገድ ላይ አንስተውለት፣ አላስተጓጎለኝም አሉ።

ሐኪምም ሁሌ ልክ አይደለም። ባለፈው ወር የአንድ ቀለም ቀቢ ደረት ጥርት ብሎ ስለተሰማ ሐኪማችን «በቁጥጥር ሥር ነው» ብሎ አሰናበተው። ቀቢው ለራሱ አሥራ ሁለት ነበር የሞላው፤ ልክ የነበረው ቀቢው ሆኖ ተገኘ። ሁለት ወረቀት ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ሐኪሙ ከበር ቆሞ ያያል፣ ሕመምተኛው ቤት ውስጥ ነው ያለው።

ያጠፋሁትስ እኔ ነኝ። ሃያ አራት የሚለውን ቁጥር አንብቤ ደብዳቤውን አላነበብኩም። ኮርቼ ነበር፣ ኩራት ደግሞ ዓይን ይጋርዳል።

ሐኪሙ ምን ብሎ ጻፈ? «በቦታው አለ» ያሉት ወረቀት የት ነው ያለው? ቡናማውን ፓፍስ በየቀኑ ይስባሉ? ዝም ካሉኝ እናቴን እጠይቃለሁ፤ እሷ ምስጢር እንደማትችል ያውቃሉ።

እወድዎታለሁ፣ ስለዚህ ነው የምጮኸው።
ጭራዎ

---

መጋቢት 19

ለጭራዬ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽን ራሴ ለራሴ አደረስኩት። አንብቤ አጠፍኩት፣ ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ እናትሽን አላናገርኳትም። እሷ ምን አደረገች? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። በአራተኛው ቀን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ዳገቱን በመስኮት ሳየው እጄን ሰጠሁ።

በአውቶቡስ መውጣት ከጀመርኩ ዓመት ከመንፈቅ ሆነኝ። መጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ነበር፣ ቀጥሎ ዝናብ ሊዘንብ ሲል፣ በመጨረሻ በየቀኑ። ባለ አራት ፎቁንም አልወጣም። ከታች ሆኜ እጣራለሁ፣ ሰዎቹ ይወርዳሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ በዱላ ሲወርዱ አይቼ ደብዳቤው ናፍቋቸው ነው ብዬ ራሴን አታልያለሁ። ሰማያዊውን ፓፍ በቀን አራት አምስት ጊዜ እስባለሁ። አንዴም አልሳብኩም ብዬ የሞላሁልሽ ውሸት ነው፤ አልዋሹም ስላልሽኝ አመሰግናለሁ፣ ይቺን ግን ዋሽቻለሁ። ቡናማው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሳይከፈት። ለክፉ ቀን ብዬ አስቀምጬው።

አሁን ደግሞ እጄ የሚከብደውን ልጻፍ። ሐኪሙ «በቁጥጥር ሥር አይደለም» ብሎ ነው የጻፈው። ወረቀቱን በፖስታ አሽጎ፣ «ለፖስታ ቤቱ ኃላፊ» የሚል አድራሻ ጽፎበት፣ ለእኔው ሰጠኝ። ፖስተኛ ስለሆንኩ አመነኝ። ኃላፊው ካነበበው ዳገቱን ነጥቆ መስኮት ኋላ እንደሚያስቀምጠኝ አውቃለሁ። ስለዚህ ቦርሳዬ ውስጠኛ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የሰው ደብዳቤ እጄ ላይ አላደረም ብዬ የጻፍኩልሽ ሰውዬ፣ የታሸገ፣ አድራሻ የተጻፈበት የሰው ደብዳቤ ሁለት ወር ገደማ ይዤ ዞርኩ። ሌላ ፖስተኛ ይህን ቢያደርግ ቦርሳውን የምቀማው እኔ ነበርኩ። ከአስሙ ይልቅ ይቺ አነቀችኝ።

በማግስቱ ኮፍያዬን አውልቄ ኃላፊው ክፍል ገባሁ።

«የአደራ ደብዳቤ አለዎት» አልኩና መዝገቡን ዘርግቼ አስፈረምኩት።

«መቼ የተላከ ነው?» አለኝ።

«ታኅሣሥ ሃያ ስድስት።»

«እስከዛሬ የት ቆየ?»

«እኔ ጋ።»

አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «ሰዓትም ይዘገያል ለካ» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ዳገቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። እኔ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ መስኮት ኋላ ቴምብር እሸጣለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት መራራ ነበር፤ ሰዎችን መንገድ ላይ የማውቃቸውን ያህል በመስኮት አላውቃቸውም።

በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ ተመለስኩና ከቀሩት ወረቀቶች ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። «አንዱን አንተ፣ አንዱን እኔ፣ ሳንተያይ» አልኩት። እንደ ተማሪ በክንዳችን ጋርደን ሞላን። እኔ አሥራ ሦስት አመጣሁ፣ እሱ «በቁጥጥር ሥር አይደለም» አለ። ስንገልጠው ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ። ቡናማው ለክፉ ቀን የሚቀመጥ ሳይሆን ክፉ ቀን እንዳይመጣ ጠዋትና ማታ የሚሳብ መሆኑን አስረዳኝ። ስምንት ዓመት ሙሉ ሲነግሩኝ ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ነበር፤ ዘንድሮ ሰማሁ። ይኸው ወር ሞላኝ፣ አንድ ቀን አላጓደልኩም።

ሁለቱን ወረቀቶች አብሬ ልኬልሻለሁ። አሥራ ሦስት በሕይወቴ ያመጣሁት ትንሹ ነጥብ ነው። እንደዚች የኮራሁበት ነጥብ ግን የለኝም። ለዋና ሐኪሙ አሳዪው፣ አሁን ሙሉውን ይዘሽ ግቢ።

የሚያርምሽ ሰው አትጪ፤ እኔ አንቺን አግኝቻለሁ።
አጎትሽ

---

ግንቦት 8

ለምኮራብዎ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደረትዎስ እንዴት ሰነበተ? ከእንግዲህ ሁለቱንም ለየብቻ ነው የምጠይቀው።

ትናንት ሐኪሞቹ ፊት ቆምኩ። አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከመቶ ሃያ ሕመምተኞች በአርባ አንዱ ሁለቱ ወረቀቶች እንዳልተስማሙ አሳየሁ። አንድ አንጋፋ ሐኪም እጃቸውን አነሱና «ታዲያ ማንን እንመን? ሕመምተኛውን ወይስ ራሳችንን?» አሉኝ። እኔም የእርስዎን ሃያ አራትና አሥራ ሦስት አወጣሁ። ስለ አንድ ፖስተኛ ልንገራችሁ አልኩ። መንገዱ ከዳቦ ቤት እንደሚጀምር፣ ዳገቱን፣ ባለ አራት ፎቁን፣ አውቶቡሱን፣ ያላለቀውን ጫማ፣ የታሸገውን ደብዳቤ ነገርኳቸው። «በአስሙ አንድም ቀን ከሥራ አልቀረም፤ የቀረው ዳገቱ ነው። ያንን ደግሞ ወረቀታችን አልጠየቀውም» ብዬ ጨረስኩ።

አንጋፋው ሐኪም ናቸው መጀመሪያ ያጨበጨቡት። ዋና ሐኪሙ እዚያው ብድግ አለና ከዛሬ ጀምሮ ስድስተኛ ጥያቄ ይጨመር አለ፤ ነጥብ የሌለው፣ በራስ ቃል የሚጻፍ። «ድሮ ያደርጉት የነበረ፣ አሁን የተዉት ነገር ምንድን ነው?» ነርሶቹ ገና ከአሁኑ «የፖስተኛው ጥያቄ» ብለውታል። ዛሬ ጠዋት ለዚያች አስተማሪ ሰጠኋት፤ ግማሽ ገጽ ጽፋ ቦታው አልበቃትም፣ ወረቀቱን ገልብጣ ቀጠለች። ከዚያ ሁለቱም ወረቀቶቿ ተስማሙ፣ መድኃኒቷም ተስተካከለ።

እኔ ከአዳራሹ ወጥቼ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አለቀስኩ። የደስታ ነው፣ ለእናቴም እንደዚያው ብለው ያንብቡላት። ትልቁ ሥራዬ የተሠራው ከእርስዎ ኋላ ስሄድ ነው።

ስድስተኛውን ጥያቄ እርስዎም ይመልሱልኝ። አይቸኩሉ፣ ሲችሉ።

ጭራዎ

---

ነሐሴ 3

ለልጄ፣ ለጭራዬ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ከከፍታ ነው የሚመጣልሽ። ይህን የምጽፈው ልብስ ሰፊዋ ደጃፍ ያለው ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው። ባዶው ቦርሳ አጠገቤ ነው።

ሐኪሙ ባለፈው ወር ፈቀደልኝ። እንደ ልማዳችን ተጋርደን ሞላን፤ እኔ ሃያ አንድ፣ እሱ «በቁጥጥር ሥር ነው»። ኃላፊው ቦርሳዬን ሲመልስልኝ ማንገቻውን አሳድሶት ነበር። ባለፉት ሳምንታት በግማሹ ዳገት ስለማመድ ቆይቼ፣ ዛሬ ሙሉውን ከታች ጀመርኩ።

ዳቦ ቤቱ ስደርስ ዳቦው ይጨሳል። ጋጋሪው አየኝና ቁራሽ ቆረሰልኝ፤ ያንቺ ድርሻ ነው፣ በላሁልሽ። ሰዓት ጠጋኙ በሩ ላይ ወጥቶ ቆመ። ባለ አራት ፎቁን ወጣሁ። ሽማግሌው በራቸው ላይ ሲያዩኝ ደንግጠው «ማን ሞተ?» አሉኝ። «ማንም አልሞተም፣ ደብዳቤ ነው» አልኳቸው። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው አቀፉኝ።

ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ፣ አንዴ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ አንዴ ከልብስ ሰፊዋ በታች ያለው መታጠፊያ ላይ። ሰማያዊውን አንዴ ሳብኩ። ይህንን ጻፊው፣ እንዳትደብቂልኝ። ልብስ ሰፊዋ ሰዓቷን አይታ «ሃያ ደቂቃ ዘገየህ» አለችኝ። «አዎ፣ ዘግይቻለሁ» አልኳት። ይህን ስል አንገቴን አልደፋሁም።

እናትሽ «ባሕር ማዶ ያሉ ሐኪሞች ሁሉ ወንድሜን ሳይጠይቁ መድኃኒት አይሰጡም» እያለች ነው። ይህንንም አላረምኳትም።

ስድስተኛውን ጥያቄ አስቤበታለሁ። ድሮ አደርገው የነበረ፣ አሁን የተውኩት ነገር፦ አውቶቡስ።

የአንገት ልብሱ ደርሶኛል፣ ግን ስወጣ ይሞቀኛል። መስኮትሽ ሥር ያለውን ጫማ ላኪልኝ። የዚህኛው ሶል አልቋል።

አጎትሽ፣ ሰዓት